የመርካቶ ተራና የኮምፒዩተር መስኮት
(ለሒሳብ ሙያተኞች የተደረገ ንግግር)



መርካቶ በተራ የተደራጀ ገበያ ነው። ሸማ ፈላጊ ወደ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ፈላጊ ወደ በርበሬ ተራ፣ አሮጌ ብረታ ብረት ፈላጊም ወደ ምናለሽ ተራ ያመራል። ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ብዙ ፎቅም ተሠርቷል። በተራ የመገበያየት ልማድ ግን ጸንቶ ቆይቷል። ደንበኛው የዕቃውን ቦታ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ሲፈልግ ጊዜ አያጠፋም።

በዚሁ ገበያ ፎቆች ላይ በየቢሮው የሚሠራው የሒሳብ ሠራተኛም ቀድሞ እንደዚሁ ነበረ። ዕለታዊው መዝገብ በቀኙ፣ ዋናው መዝገብ በግራው፣ የደረሰኙ ጥራዝ ከፊቱ ይቀመጥ ነበር። እጁ ወደ የትኛው መዝገብ እንደሚሄድ ዓይኑ ሳይነግረው ያውቀዋል። ዛሬ ግን መዝገቦቹ ሁሉ በአንድ የኮምፒዩተር ገጽታ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው ይገኛሉ። ፒችትሪ እየተባለ የሚጠራው የሒሳብ ፕሮግራም በአንድ መስኮት፣ የኤክሴል ሰንጠረዥ በሌላ መስኮት፣ የባንኩ ገጽ በሦስተኛው፣ ለደንበኛ የሚጻፈው ደብዳቤ በአራተኛው ይከፈታል። ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር የሥራው ግማሽ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን መሸጋገር በማውስ መፈጸም ይቻላል። ነገር ግን እጅ ከቁልፎቹ ተነሥቶ ማውስ ሲይዝ፣ ቀስቱን ሲያፈላልግ፣ ጠቅ አድርጎ ሲመለስ በልብ የተያዘው ቁጥር ይጠፋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠራተኛ አልት የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ ታብን ይመታል። ይህ ጥምረት ከዊንዶውስ ጋር ለብዙ ዘመን የኖረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ዊንዶውስ የየፕሮግራሙ ምልክት በረድፍ ይታይ ነበር፤ በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ወዲህ ደግሞ የየመስኮቱ ትንሽ ምስል ይታያል። ሺፍት ከተጨመረበት ረድፉ ወደ ኋላ ይሄዳል። በማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ኮማንድ የሚባለው ቁልፍ ከታብ ጋር ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ ልዩነቱ በመስኮት ፈንታ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ማሸጋገሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነገር አለ። በአማርኛ ተራ የሚለው ቃል ከአንድ በላይ ፍች አለው። አንደኛው እንደ ሸማ ተራ የጸና ቦታ ነው፤ ሁለተኛው ወረፋ ነው። የአልትና የታብ ተራ ወረፋ እንጂ ቦታ አይደለም። መጨረሻ የተሠራበት መስኮት ሁልጊዜ ከፊት ይሰለፋል። በሁለት መስኮቶች መካከል ብቻ ለሚመላለስ ሰው ይህ እጅግ ምቹ ነው፤ አንድ ጊዜ መትቶ ሲለቅ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይሁንና በመካከሉ አንድ የማስታወቂያ መስኮት ዘልሎ ከፊት ቢመጣ ወረፋው ይለወጣል። ሠራተኛው ግን እጁ እንደለመደው መትቶ ቁጥሩን ይጽፋል።

ጉዳቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የተጨማሪ እሴት ታክስ መሠረት 15 በመቶ ይታሰባል እንበል። 46,000 ብር ዋጋ ያለው ዕቃ ሲሸጥ ታክሱ 6,900 ብር፣ ጠቅላላው 52,900 ብር ይሆናል። ይህ 6,900 ብር በያዝነው ወር ሰንጠረዥ ፈንታ ባለፈው ወር ሰንጠረዥ ላይ ቢጻፍ ኮምፒዩተሩ አይቃወምም፤ ድምሩን በጸጥታ ያሻሽላል። አንዱ ወር ይጎድላል፤ ሌላው ይተርፋል። ስሕተቱ የሚታወቀው የወሩ ማስታወቂያ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ከቀረበ በኋላ ከሆነ፣ ነጋዴው ለቅጣት፣ ባለሙያውም ለነቀፋ ይጋለጣል።

ለዚህ መድኃኒቱ ወረፋውን በቦታ መተካት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ወዲህ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ 1፣ 2 ወይም 3 ቁጥርን መምታት በታችኛው ረድፍ በዚያ ቁጥር ላይ የተቀመጠውን ፕሮግራም ያቀርባል። የሒሳቡ ፕሮግራም በመጀመሪያው፣ ሰንጠረዡ በሁለተኛው፣ ደብዳቤው በሦስተኛው ቦታ ከተተከለ፣ ማናቸውም መስኮት ዘልሎ ቢመጣ 2 ቁጥር 2 ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰንጠረዦች ተከፍተው እንደሆነም የዊንዶውሱን ቁልፍ ሳይለቁ ያንኑ ቁጥር መደጋገም በየተራ ያሳያቸዋል። ይህ በእውነቱ የመርካቶ ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የቋንቋ ነው። የደንበኛው ደብዳቤ በአማርኛ፣ የዕቃው መለያ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባና ቪስታም የአማርኛ መጻፊያን አብሮ ካመጣ ወዲህ አልትና ሺፍትን በመጫን ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች እያንዳንዱ መስኮት የራሱን ቋንቋ ያስታውስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን ቋንቋው፣ ካልተለወጠ በቀር፣ ከሰውዬው ጋር ከመስኮት ወደ መስኮት ይዞራል። ስለዚህ ደብዳቤውን ትቶ ወደ ሒሳቡ የተመለሰ ሠራተኛ መለያውን በግዕዝ ፊደል ይጽፍና ፕሮግራሙ ዕቃውን አላገኘሁም ይለዋል። በኮምፒዩተሩ የመጻፊያ ማስተካከያ ውስጥ ለየመስኮቱ የተለየ ቋንቋ የሚፈቅደውን ምርጫ ማብራት ችግሩን ያስወግዳል።

እንግዲህ በየቢሮው ሊደረግ የሚገባው ቀላል ነው። የፕሮግራሞቹ ቦታ በሁሉም ኮምፒዩተር አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱ ሠራተኛ ቢቀር ሌላው ተተክቶ ያለ ችግር እንዲሠራ። የማያስፈልግ መስኮት ይዘጋ። ከሁሉ በፊት ግን አኃዝ ከመጻፉ አስቀድሞ ዓይን በመስኮቱ አናት ላይ ያለውን የመዝገብ ስም ያንብብ። የቀድሞው መዝገብ ያዥ ብዕሩን ቀለም ከማጥቀሱ በፊት የገጹን ርእስ ያይ ነበር። መሣሪያው ቢለወጥም ይህ የሙያው ግዴታ አልተለወጠም። አዲስ ለሚቀጠሩ ወጣቶችም ይህን በመጀመሪያው የሥራ ቀን ማስተማር ከነባሮቹ የማኅበሩ አባላት የሚጠበቅ ነው።