የደን ስፋትና የዛፍ ዕድሜ፦ ከታላቁ ግራጫ ግንደ ቆርቁር የምንማረው



የዛሬው ንግግሬ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞቃታማ ደኖች ስለሚኖረው ታላቁ ግራጫ ግንደ ቆርቁር ነው። ይህ ወፍ ከሂማላያ ግርጌ አንሥቶ፣ በምያንማር፣ በታይላንድና በማሌዥያ አልፎ፣ እስከ ሱማትራ፣ ቦርኔዮና ፓላዋን ደሴቶች ይገኛል። ርዝመቱ እስከ 58 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ500 ግራም በላይ ይደርሳል። የሜክሲኮው ንጉሣዊ ግንደ ቆርቁር እ.ኤ.አ. ከ1956 ወዲህ በማስረጃ ስላልታየ፣ በሕይወት መኖራቸው ከተረጋገጠ ግንደ ቆርቁሮች ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው።

ምግቡ በአመዛኙ ጉንዳን፣ ምስጥና እንደ ጣዝማ ያሉ የማይናደፉ ንቦች ናቸው። እነዚህን አብዝቶ የሚያገኘው ግንዳቸው በገዘፈ አሮጌ ዛፎች ላይ ነው፤ ጎጆውንም የሚቦረቡረው በእነዚሁ ነው። እንዲህ ያሉ ዛፎች ተራርቀው ስለሚቆሙ፣ ወፎቹ በቤተሰብ ሆነው፣ እየተጠራሩ፣ ሰፊ ክልል ያካልላሉ።

እነዚሁ ዛፎች፣ በተለይም ዲፕተሮካርፕ የተባለው ወገን፣ ለጣውላና ለኮምፔንሳቶ እጅግ ተፈላጊ ናቸው። መርጦ የመቁረጥ አሠራር ደኑን አይመነጥርም፤ ትልልቁን ነቅሶ ይወስዳል። የቀረው መልሶ ይለመልማል፤ ወፉ ግን ይመናመናል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ለመጥፋት ተጋላጭ ብሎ መዝግቦታል።

በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ትርጓሜ መሠረት፣ ስፋቱ ከ0.5 ሄክታር፣ የዛፎቹ ቁመት ከ5 ሜትር፣ የቅርንጫፍ ሽፋኑም ከ10 በመቶ የሚበልጥ መሬት ደን ይባላል። በዚህ ሚዛን ትልልቅ ዛፎቹን ያጣውና ያላጣው ደን እኩል ይቆጠራሉ። ለግንደ ቆርቁሩ ግን አንዱ መኖሪያ ነው፤ ሌላው ምግብም ማደሪያም የጠፋበት ነው። ትርጓሜው ሀገሮችን ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ስሕተቱ ለጥያቄ ሁሉ መልስ አድርገን ስንይዘው ነው።

ጉዳዩ የእስያ ብቻ አይደለም። ከእናንተ መካከል በከፋና በሸካ ደኖች ለመመረቂያ ጥናት የምትሰማሩ ትኖራላችሁ። የሳተላይት ምስል ሽፋኑን ያሳያችኋል፤ ዕድሜውን ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ግቡ፤ የግንዱን ውፍረት ለኩ፤ በቁሙ የደረቀውንና ውስጡ የተቦረቦረውን ለይታችሁ መዝግቡ። መቶ ዓመት የቆመን ዛፍ በችግኝ ተክተናል ለማለት መቶ ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋልና።