ስግድን ከልጆቻችን ጋር እናክብር
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በአማርኛ ሬዲዮ የተደረገ ንግግር፣ ቂርያት ጋት)

  ከጎንደርና ከአዲስ አበባ መጥታችሁ በመርካዝ ክሊታም ሆነ በኪራይ ቤት የምትገኙ አዲስ ገቢ ወገኖቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የዳስ በዓል አልፏል። ዳሱ ፈርሷል፣ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ተመልሰዋል። ጎረቤቶቻችን «ከእንግዲህ እስከ ሐኑካ በዓል የለም» ይላሉ። እኛ ግን ከአስተሥርዮ፣ ማለትም እዚህ ዮም ኪፑር ከሚባለው ጾም ጀምረን ሰባት ሳምንት እንቆጥራለን። ሃምሳኛው ቀን፣ ሔሽቫን በተባለው ወር በ29ኛው ዕለት፣ የስግድ በዓል ነው። የዛሬው ንግግራችን ይህንን በዓል በአዲሱ አገር ቤተሰብ እንዴት እንደሚያከብረው ይሆናል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ማንኛውም ሕዝብ ከደረሰበት መከራ ወጥቶ አምላኩን የሚያመሰግንበት ቀን አለው። በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ ሰዎች «ታንክስጊቪንግ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ የምስጋና ቀን ማለት ነው። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1863፣ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሳለ፣ ሕዝቡ በሙሉ በአንድ ቀን እንዲያመሰግን አወጀ። ከ1941 ወዲህ ደግሞ በኖቬምበር ወር አራተኛው ሐሙስ እንዲሆን በሕግ ተወስኗል። በዚያ ቀን ልጅ ከሩቅ ከተማ ወደ እናቱ ቤት ይመጣል። ገበታው ላይ ተርኪ የሚሉት ትልቅ ዶሮ ይቀርባል፤ እኛ እዚህ ከገበያ «ሆዱ» ብለን የምንገዛው ማለት ነው። እዚያ ያሉ ኢትዮጵያውያንም ከተርኪው አጠገብ ዶሮ ወጡንና እንጀራውን ያቀርባሉ።

ከአሜሪካ ይልቅ ግን ቅርባችንን እንመልከት። ቂርያት ጋት በ1950ዎቹ አጋማሽ ስትቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ከሞሮኮ የመጡ ነበሩ። እነርሱም እንደ እኛ ቋንቋው ያልገባቸው፣ በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት የተንገላቱ ስደተኞች ነበሩ። ሆኖም ፋሲካ ሲወጣ የሚያከብሩትን ሚሙና አልተዉትም። በዚያች ምሽት በራቸውን ከፍተው ሙፍሌታ የሚሉትን ቂጣ ከማርና ከቅቤ ጋር ለመጣው ሁሉ ያቀርባሉ። ዛሬ ሚሙናን የማያውቅ እስራኤላዊ የለም። ያቆዩት በየቤታቸው፣ በየልጆቻቸው ፊት ስላከበሩት ነው።

የእኛ ስግድ በአገር ቤት እንዴት ይከበር እንደነበር ያላያችሁ ወጣቶች ስላላችሁ ጥቂት ላስታውስ። በጎንደር አካባቢ አምቦበር የታወቀ የስግድ ቦታ ነበር። ከሩቅ መንደር ያለው ሰው ስንቁን ቋጥሮ አስቀድሞ በእግሩ ይነሣል። በዕለቱ ሕዝቡ ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ እህል ውሃ ሳይቀምስ ወደ ተራራው ይወጣል። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው፣ ባለ ቀለም ጥላ ተዘርግቶላቸው ከፊት ይሄዳሉ። አንዳንዱ ራሱን ዝቅ ማድረጉን ለማሳየት ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል። ሌላው የሞቱ ዘመዶቹን እያሰበ ጭብጥ እህል ይዞ ሄዶ ለወፎች ይበትናል። ከላይ ሲደርሱ አሥርቱ ትእዛዛት በሲና ተራራ የተሰጡበት ክፍልና መጽሐፈ ነህምያ በግዕዝ ይነበባሉ፣ ሕዝቡም እንዲሰማው ይተረጎማሉ። ሕዝቡ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግዳል። ስሙም ከዚያው ከመስገድ የመጣ ነው፤ ሽማግሎች ምህላ ብለውም ይጠሩታል። ከሰዓት በኋላ ከበሮው እየተመታ፣ እልልታው እየቀለጠ ይወረዳል። ከዚያ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጭፈራው ይደምቃል።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወጣቶች ብዙ ጊዜ ይጠይቁናል፦ «ያኔ የምትጸልዩት ኢየሩሳሌም ለመግባት ነበር። አሁን ገብታችኋል። ታዲያ ለምን ትጾማላችሁ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ሊያስቆጣን አይገባም። መልሱም በዚያው ቀን በሚነበበው በመጽሐፈ ነህምያ ውስጥ ይገኛል። በዕዝራና በነህምያ ዘመን ተሰብስቦ የጾመው፣ ኃጢአቱን የተናዘዘውና ኪዳኑን ያደሰው ሕዝብ ከባቢሎን ምርኮ ተመልሶ ኢየሩሳሌም የገባው ሕዝብ ነበር። ደርሶ ነበር የጾመው። ቅጥሩ ተሠርቶ ነበር፤ በመካከሉ ግን ድሀው በዕዳ ተይዞ ነበር፣ ልጆቹም ግማሾቹ የአባቶቻቸውን ቋንቋ አያውቁም ነበር። ይህ ለእኛ የተጻፈ አይመስልም? አገር መግባት አንድ ነገር ነው፤ በገቡበት አገር ቤተሰብን አንድ አድርጎ መኖር ሌላ ሥራ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። እኔ የመጣሁት በሜይ 1991፣ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን በገቡበት በዘመቻ ሰለሞን ነው። በሆቴልና በካራቫን ሰፈር ከቆየን በኋላ ቂርያት ጋት ቤት አገኘን። በ1993 ስግድ ሲደርስ ትልቋ ልጄ ኪታ ጊሜል፣ ማለትም ሦስተኛ ክፍል ነበረች። እኔ ትምህርቷ እንዳይጓደል ብዬ እርሷን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ወደ ኢየሩሳሌም ሄድኩ። ጾምኩ፣ ሰገድኩ፣ ዘመዶቼን አገኘሁ፣ አለቀስኩ፣ ደስም አለኝ። ማታ ስመለስ ልጄ ቦርሳዋን ሳታወርድ ተቀምጣ አገኘኋት። አስተማሪዋ በቅንነት «ዛሬ የእናንተ በዓል ነው፣ ተነሥተሽ ንገሪን» ብላት ኖሯል። ልጄ ተነሥታ ቆመች፤ የምትናገረው ግን አጣች። ልጆቹ ጠበቁ፣ በኋላም ሳቁ። «እማዬ፣ በዓሉ የኔ ከሆነ ለምን አልወሰድሽኝም?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አስተማሪዋንም ልጆቹንም መክሰስ አልችልም። በዓሉን ያን ሁሉ ሩቅ መንገድ ይዤ የመጣሁ ይመስለኝ ነበር፤ ከእኔ ቤት ወደ ልጄ ግን አላሻገርኩትም። በሚቀጥለው ዓመት ይዣት ሄድኩ። ዛሬ እርሷም እናት ሆናለች፤ የስግድ ዋዜማ ሲደርስ ሊጡን የምታቦካው ከልጆቿ ጋር ነው።

አዲስ ገቢዎች ሆይ፣ እናንተ እንደ እኔ እንዳትዘገዩ ጥቂት ምክር ልስጥ።

አንደኛ፣ ስለ ሥራና ስለ ትምህርት። ክኔሴት በ2008 ባወጣው ሕግ ስግድ የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ይህ ማለት ግን ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ ሁሉ ይዘጋል ማለት አይደለም። ሠራተኛ የሆናችሁ በዕለቱ የዓመት ፈቃዳችሁን መውሰድ እንድትችሉ ከአንድ ወር በፊት ለአሠሪያችሁ ንገሩ። ልጃችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ለአስተማሪው አስቀድማችሁ አስታውቁ። ዕብራይስጡ ቢያስቸግራችሁ የሚያስተረጉምላችሁ ሰው ጠይቁ፤ ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። በዓሉ ቅዳሜ የሚውል ከሆነ ወደ ሐሙስ እንደሚቀደምም አትርሱ። በ2024 እንዲሁ ሆኖ በኖቬምበር 28 ተከበረ፤ አሜሪካኖችም የምስጋና ቀናቸውን ያከበሩት በዚያው ሐሙስ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉዞው። ዋናው ሥርዓት የሚካሄደው በኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሐናጺቭ በተባለው ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ የቤተ መቅደሱ ቦታ ፊት ለፊት ይታያል። ከየከተማው አውቶቡስ ይነሣል፤ ከየት ሰፈርና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ አስቀድማችሁ አጣሩ። ቂርያት ጋት ሜዳ ነው፣ ኢየሩሳሌም ግን ደጋ ነው፤ ለልጆቹ ከነጠላው በታች ሞቅ ያለ ልብስ አልብሱ። ጾሙ እስከ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕመምተኞች ግን አይጾሙም። ለእነርሱ ውሃና ምግብ ያዙ። ቄሶቹ ሲያነቡ ልጁን ወደ ፊት አቅርቡት፣ የሚሰማውንም በሚገባው ቋንቋ አስረዱት። ዕብራይስጥ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ታላቅ እኅቱ ትተርጉምለት።

ሦስተኛ፣ ስለ ቤት ውስጥ ዝግጅት። ዳቦው በዋዜማው ይጋገር፣ ልጆቹም ይርዱ። የኮባ ቅጠል ባይገኝ በመጋገሪያ ወረቀት ይሆናል፤ ጥቁር አዝሙዱን ግን አትርሱ፣ ልጅ በዓልን የሚያስታውሰው በሽታው ነው። ወደ ትምህርት ቤት ዳቦ መላክ የምትፈልጉ ሰዎች አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ስለ ካሽሩት ብለው ከቤት የተሠራ ምግብ የማይቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ይህ ሥርዓት ለሁሉም ልጆች ስለሆነ እንደ ንቀት አትቁጠሩት።

አራተኛ፣ መሄድ ላልቻለ። ሕፃን ያላት እናት፣ እግሩ የደከመ ሽማግሌ፣ ከሥራ ፈቃድ ያጣ አባት ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ማታ ሁሉም ሲሰበሰብ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ዳቦውን ባርኮ፣ አያትየው እንዴት ተራራ ይወጡ እንደነበር ለልጆቹ ይንገሩ። አንዲት ታሪክ ትበቃለች። ልጁ በማግስቱ ክፍል ውስጥ «ንገረን» ቢባል የሚናገረው ይኖረዋል።

በዚህ ቀን ደስታ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል። የመታሰቢያ ሐውልታቸው በሔርጽል ተራራ ቆሟል። በየቤታችን ፎቶግራፍ እንኳ ያልቀረላቸው አሉ፤ በስግድ ዕለት ስማቸውን ጥሩ፣ ልጆችም ይስሟቸው። እናንተ ከ2020 ወዲህ የመጣችሁ ደግሞ ወንድም ወይም ልጅ ጎንደር ያስቀራችሁ ትኖራላችሁ። እናንተ ዘንድ ስግድ ግማሹ ምስጋና፣ ግማሹ ገና ምህላ ነው። በዚያ ቀን ስልክ ደውሉላቸው፤ ልጆቹም አጎታቸውን በድምፁ ይወቁት። ማመስገንና ማልቀስ በአንድ ገበታ ላይ ቢገናኙ ነውር የለበትም።

በመጨረሻም፣ ያው መጽሐፈ ነህምያ እንደሚነግረን ሕዝቡ ሕጉ ሲነበብ ሰምቶ ባለቀሰ ጊዜ፣ ሂዱና ብሉ ጠጡ፣ ምንም ላልተዘጋጀለትም ድርሻውን ላኩ ተብሎ ታዘዘ። እንግዲህ ዳቦውን ስትቆርሱ አንዱን ክፍል ለይታችሁ አስቀምጡ። አንዱን ትናንት ለገባው አዲስ ቤተሰብ ላኩለት፤ ድስቱ ገና አልተገዛ ይሆናል። ሌላውን ከደረጃው ማዶ ላሉት ሞሮኳዊት ወይም ሩሲያዊት ጎረቤት ልጃችሁ ያድርስ። ሲያንኳኳ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁታል። መልሱን ከቤቱ ይዞ ይሂድ።

 ለከርሞው ስግድ የቀሩት ዘመዶቻችን አብረውን ይቁሙ። መልካም በዓል፤ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ድረስ ቸር እንሰንብት።