አጋጣሚና መልሱ



የፊልም ነገር ከቤተሰቤ ጋር ሁለት ጊዜ ተገጣጥሟል። በአዲስ አበባ በመጀመሪያ ፊልም የታየበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ቅድመ አያቴም በዚያ ደጅ ባለፈች ቁጥር ታማትብ ነበር ይባላል።

ሁለተኛው ግን ከዚህ ይከብዳል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀረበ። እናቴ የተወለደችው በዚያው ዓመት ነው፤ ስሟም ሂሩት ነው። አባቷን አላወቀችም። ስለዚህ የሰፈር ልጆች የፊልሙን ርእስ እያነሡ ሲጠይቋት እያለቀሰች ትገባ ነበር። አንድ ቀን አያቴ እጇን ይዛ ወደ ደጅ አወጣቻትና፣ «አባቷም እናቷም እኔ ነኝ» ስትል መለሰችላቸው። ከዚያ ወዲህ የጠየቃት የለም።

እንግዲህ ጥያቄውን ያመጣው አጋጣሚ ነው፤ መልሱን የሰጠችው ግን አያቴ ናት። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን ቅጽ ስናስሞላ፣ የአባቱን ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ የተወ ባለጉዳይ ይቀርበናል። ያን ጊዜ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ «አባትህ ማነው?» አንበል። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በአክብሮት እናስተናግደው።