ከግንባር የመጡ ደብዳቤዎቻችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፉት ወራት ከቡና በኋላ ስናነባቸው ስለቆየናቸው ደብዳቤዎች እንድንናገር ተጠይቀናል። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ግንባር የሄዱ ልጆቻችን፣ ወንድሞቻችንና ባሎቻችን የጻፏቸው ናቸው። አብዛኞቹ ከደብተር የተገነጠሉ ወረቀቶች ናቸው።

ግማሹ ገጽ ሰላምታ ነው። ከናፍቆታችሁ በስተቀር ለጤናዬ ደህና ነኝ ይላል ሁሉም። ከዚያ ዘመድ አዝማዱ፣ ጎረቤቱ፣ የክርስትና እናቱ በየስማቸው ይጠራሉ። እንግዳ ሰው ቢያየው ምንም አልተጻፈበትም ይል ይሆናል። ደብዳቤው ይከፈታል ተብሎ ስለሚፈራ ስለ ውጊያ አይጻፍም። ደግሞስ እናቱን ማስጨነቅ የሚወድ ማን አለ? ነገሩ የሚወጣው በሌላ በኩል ነው። ጋቢ ላኩልኝ ያለው ልጅ በርዶት እንደነበር እናቱ ወዲያው ገባት። አንዱ ደግሞ ለባለሱቁ ያለብኝን ዕዳ ክፈሉልኝ ብሎ ጻፈ። ቤተሰቡ የደነገጠው ያን ጊዜ ነው።

ብዙዎቻችን ማንበብ አንችልም ነበር። የሚያነብልን የጎረቤት ተማሪ ነው፤ እሱም ክፉውን እየዘለለ ደጉን ያነብልን ነበር። ባልም ለሚስቱ ሲጽፍ በሰው ፊት እንደሚነበብ ያውቃል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከመካከላችን ፊደል የቆጠሩት ደብዳቤያቸውን ብቻቸውን ለማንበብ ብለው ነው። (የሚስቁ አሉ፤ እኛም ስቀናል።)

መጋቢት 1980 አፋቤት፣ የካቲት 1982 ምጽዋ፣ ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን። ብዙዎቹ ደብዳቤዎች የሚቆሙት በእነዚህ ወራት አካባቢ ነው። መርዶ የመጣላቸው አልቅሰው ተዝካር አውጥተዋል። ያልመጣላቸው ግን እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ባሏ ይሙት ይኑር ሳታውቅ ያረጀች አለች። ለእነዚህ ቤቶች በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ካለው ቀን በቀር የሚይዙት ነገር የለም።

ልጃቸው በወዲያኛው ወገን የተሰለፈባቸው እናቶችም አባሎቻችን ናቸው። ከመስመሩ ማዶ ፖስታ አይመጣም ነበርና ሣጥናቸው ባዶ ነው። መጀመሪያ ላይ አብሮ መቀመጡ ከብዶን ነበር። አሁን እነሱ ስለ ልጆቻቸው ይናገራሉ፣ እኛ እንጽፋለን።

ያልተስማማንበት ነገር አለ። አንዳንዶቻችን ስሞት ከእኔ ጋር ቅበሩት ብለናል። መብታችን ነው። ነገር ግን እርሳሱ እየደበዘዘ ነው፣ አይጥም አልማረውም። ስለዚህ ዋናው ደብዳቤ ከባለቤቷ እጅ ሳይወጣ ኮፒው ብቻ በማኅበሩ ይቀመጥ፣ እሷ ሳትፈቅድም ለማንም አይታይ እንላለን። ደጋፊዎቻችንን የምንጠይቀው ለኮፒውና ለሚቆለፍ ቁም ሣጥን ነው።

ፖስታውን አትጣሉ። ቴምብሩ ላይ ያለው ማኅተም ቀን ሊነግረን ይችላል፤ የጦር ክፍሉ የተጻፈበትም አጋጥሞናል። የራሰውን በፀሐይ ሳይሆን በጥላ አድርቃችሁ አምጡ። ስታነብ የሚከብዳት ብትኖር አጠገቧ የምትቀመጥ እህት እናዘጋጃለን።