ብርድም ሀብት ነው



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የወይን ዓይነት ነው፤ ጉዳዬ ግን የእኛው የኮንና የአካባቢዋ ደጋ ነው። ብርድን በጉዳቱ ብቻ ማየት ለምደናል። እኔ ግን ላወቀበት ሀብት ነው እላለሁ።

ሻርዶኔ ከፈረንሳይ ቡርጎኝ የወጣ ነጭ ወይን ነው። የራሱ መዓዛ ለዘብ ያለ ስለሆነ የበቀለበትን አየር ጠባይ አጉልቶ ያሳያል። በቆላ ፍሬው ቶሎ ይበስላል፤ ስኳሩ ይበዛል፤ ጉምዛዜው ይሟጠጣል። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት አገር ግን ጉምዛዜውን እንደያዘ እያዘገመ ይበስላል። ወይን ጠጁም የሎሚና የአረንጓዴ ፖም ቃና ይኖረዋል።

በቺሊ፣ በሳንቲያጎና በወደቡ በቫልፓራይሶ መካከል ካዛብላንካ የሚባል ሸለቆ አለ። ሃምቦልት የተባለው ቀዝቃዛ የውቅያኖስ ፍሰት በቺሊ ባሕር ዳርቻ ስለሚያልፍ ሸለቆው ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብሳል። ለወይን ይበርዳል፣ ውርጭም ይመታዋል ተብሎ ለከብት ግጦሽ ተትቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፓብሎ ሞራንዴ የተባለ የወይን ጠጅ ባለሙያ በዚያ ወይን ተከለ። ዛሬ የሸለቆው ስም በጠርሙስ ላይ ተጽፎ በዓለም ገበያ ይሸጣል።

ይህ ሲሆን ውርጩ አልቀረም፤ ሰው ብልሃት አበጀለት እንጂ። በፈረንሳይ ሻብሊ ለጋው ቀንበጥ ሲወጣ ውርጭ ያሰጋ እንደሆነ ገበሬው ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ያርከፈክፍበታል። ውሃው ወደ በረዶ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ ቀንበጡ በስስ በረዶ ተሸፍኖ ሳይቃጠል ያድራል። ተዳፋት መርጦ መትከልም ሌላው መላ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና ሌሊት ወደ ረባዳው ይወርዳል። የእኛ ገበሬም ባቄላውን ውርጭ የሚመታው በረባዳው ማሳ እንደሆነ ያውቃል።

እኛ ባሕር የለንም፤ ከፍታ ግን አለን። 100 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ካስቴል የተባለው የወይን ጠጅ አምራች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ያቀረበው የኢትዮጵያ ወይን ጠጅ፣ ሻርዶኔውን ጨምሮ፣ ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ከለማ ወይን የተገኘ ነው። ለምድር ወገብ እንዲህ በቀረበ ስፍራ ወይኑን የረዳው ከፍታው ነው።

ኮን ከዝዋይ እጅግ ከፍ ያለች ናትና ሻርዶኔ እንትከል አልልም። ደጋ የሚወደውን እንፈልግ ነው የምለው። የጋሞዋ ጨንቻ ብርድ በሚወደው ፖም ስሟን አስጠርታለች። ላስታም የታወቀ ማር አለው።

የግብርና ባለሙያዎች ሆይ፣ የትኛው ማሳ መቼ ውርጭ እንደሚመታው ከገበሬው ጋር ሆናችሁ በየዓመቱ መዝግቡ፤ ፖሙ የት እንደሚሻል፣ ባቄላው ከየት እንደሚሸሽ የሚነግረን ያ መዝገብ ነው። ንብ አርቢዎችም ማራችሁን ከሌላ ሳትደባልቁ፣ የተገኘበትን ቦታ ስም ጽፋችሁ ለገበያ አውጡት። ካዛብላንካ በብርዱ ስም ካገኘ፣ የእኛም ደጋ ስሙን የሚያስጠራ ምርት አያጣም።