ለአራስ ቤት የሚቀድመው

የመጀመሪያ ልጅ ሲጠበቅ የቤተሰቡ ወጪ በአብዛኛው ለልብስና ለጌጣጌጥ ቢውልም፣ ለጨቅላውና ለእናቱ ሕይወት ወሳኝ የሆኑት ነገሮች ጥቂትና ርካሽ ናቸው። ቀዳሚው ሙቀት ነው፤ ጨቅላ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ ለመጠበቅ ስለሚቸገር አንዱ ለማድረቂያ፣ ሌላው ለመሸፈኛ የሚሆኑ ሁለት ንጹሕ ፎጣዎችና ኮፍያ ሊዘጋጁለት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገላው በእናቱ ገላ ላይ ተለጥፎ ሊታቀፍ ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሕፃኑ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ሳይታጠብ እንዲቆይ ይመክራል። ሁለተኛው እንገር፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣውና በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮችን በብዛት የያዘው ወፍራም ቢጫማ የጡት ወተት ሲሆን፣ ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ የሚጠባው እንጂ ታልቦ የሚደፋ ወይም በቅቤ የሚተካ አይደለም። እትብቱም ቅቤ ሲቀባ ለመንጋጋ ቆልፍ በሽታ መግቢያ ሊሆን ስለሚችል፣ የጤና ባለሙያ ካዘዘው በቀር ምንም ሳይነካው ንጹሕና ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት። ለእናቲቱ ከገንፎውና ከአጥሚቱ ጎን የንጽሕና መጠበቂያ፣ እንዲሁም ደም ቢበዛባት ወይም ትኩሳት ቢይዛት ወደ ጤና ተቋም የሚያደርሳት ሰውና የመጓጓዣ ገንዘብ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል። እንግዲህ አራስ ጠያቂ ሁሉ ስጦታውን ከመግዛቱ በፊት ከእነዚህ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ።