ያገለገለ የሞተር መጋዝ ከመገዛቱ በፊት ፒስተኑ ይታይ



ለባሕር ዛፍ ቆረጣ ያገለገለ የሞተር መጋዝ የሚገዛ ማኅበር ሻጩ አስነስቶ ስላሳየው ብቻ የአባላቱን ገንዘብ መክፈል የለበትም። ፒስተኑ የተጎዳ መጋዝም ቀዝቃዛ ሳለ ሊነሳ ይችላል፤ ሲሞቅ ነው ጉልበት አጥቶ የሚጠፋው።

ስለዚህ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ማርሚታው ተፈትቶ ፒስተኑ በጭስ መውጫው ቀዳዳ በባትሪ ይታይ። ጎኑ ለስላሳ መሆን ይኖርበታል። ጭረቱ ዙሪያውን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚኑ ያለ ዘይት ተቀድቷል ማለት ነው። በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ነዳጅ አንሶት፣ አየር በዝቶበት ግሏል። በካርቡሬተሩ በኩል ከሆነ ደግሞ በአየር ማጣሪያው አቧራ አልፏል።

በሲሊንደሩ ላይ የፒስተኑ አሉሚኒየም ተጣብቆ ብቻ ከሆነ ይጸዳና በአዲስ ፒስተንና ፋሻ ይሠራል። የውስጥ ልባሱ ከተላጠ ግን ሲሊንደሩም አብሮ ይለወጣል፤ እንዲህ ያለውን መጋዝ መተው ይሻላል።

ፒስተን ቀይሮ ብቻ የሚመልስ ጥገና ቤት አለ። የተሰነጠቀ የካርቡሬተር ጎማ ወይም ያረጀ ኦይል ሲል ሳይለወጥ ቢቀር አዲሱም ፒስተን ብዙ ሳይሠራ ይቃጠላል።

የመጋዙ መመሪያ 50 ለ1 የሚል ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ዘይት ይገባል። ድብልቁ ከውኃ ፓምፑ ቤንዚን ጋር እንዳይምታታ ምልክት ባለው ጀሪካን ይቀመጥ።